የጋሽ ሃሎ አልጀብራ

በሆስፒታሉ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በድምፁ ነው። ከዋናው በር ገባ ብሎ፣ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ተቀምጦ ከውጭ የሚደወለውን ስልክ እየተቀበለ ለየክፍሉ ያዞራል። ስልኩን ሲያነሳ «ሃሎ» የሚላት ረጋ ብሎ፣ መጨረሻዋን ጎተት አድርጎ ስለሆነ፣ ነርሶቹ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው «ጋሽ ሃሎ» አሉት። መጀመሪያ ላይ ከጀርባው ነበር የሚሉት። አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሙ አምልጦት ፊት ለፊት ሲጠራው «አቤት» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ጋሽ ሃሎ አያይም። ዓይኑ የጠፋው ግን አድጎ ነው። በወጣትነቱ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር፤ ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ አጎንብሶ ሽቦ ሲበይድ ይውልና ማታ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ መብራት ባየ ቁጥር ዙሪያውን ባለ ቀለም ቀለበት ይታየው ጀመር። ድካም ነው አለ። ራስ ምታቱንም ድካም ነው አለ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የዓይኑ ግፊት ሥራውን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። አንደኛው ዓይን ሄደ፤ ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም።

ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ብዙ አያወራም። ታላቅ እህቱ ከተከራየበት ክፍል አውጥታ ወደ ራሷ ቤት ወሰደችው። ሲያኮርፍ ዝም አለችው፤ ሳይበላ ሊተኛ ሲል ተቆጣችው፤ ኋላም እጁን ይዛ የስልክ ማዞሪያ ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ ወስዳ አስመዘገበችው። «እትዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» ሲላት፣ «ዝም ብለህ ፈርም» አለችው። ፈረመ። ሥልጠናውን ጨርሶ ሆስፒታሉ ሲቀጥረው ከእሱ ይልቅ ደስ ያላት እሷ ነበረች።

እህቱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ትውላለች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። አንድ ልጅ አለቻት። ልጅቱ ስትወለድ ከክንድ የማትበልጥ ስለነበረች «ሚጢጢ» አሏት፤ አሁን እናቷን በቁመት አልፋ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ሚጢጢ ድክ ድክ ስትል ጀምሮ የአጎቷን እጅ ይዛ ነው ያደገችው። አፏን እንደፈታች የለመደችው ቃል «ጋሼ፣ ድንጋይ»፣ «ጋሼ፣ ቦይ»፣ «ጋሼ፣ ደረጃ አለ» ነበር። ከእሱ ጋር የማታወራው ነገር የለም።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ግን ስለ ሂሳብ ማውራት አቆመች። እስከዚያ ድረስ ሂሳብን እንደ ውሃ ነበር የምትጠጣው። እናቷ ስለ ትምህርት ስትጠይቃት ሌላ ሌላውን እያነሳች ታልፋታለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርወር አድርጋ፣

«እስኪ ንገረኝ፣ ሂሳብ ውስጥ ፊደል ምን ይሠራል?» አለችው።

ጋሽ ሃሎ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። «የቱ ፊደል?»

«ኤክስ። ቲቸር ኤክስን ፈልጉ ትላለች። እዚያው ተጽፋ እያየኋት ምኑን ነው የምፈልገው?»

ሳቁን ዋጠው። እሱም በልጅነቱ እንዲህ ብሎ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ሂሳብ ግን ይወድ ነበር፤ እስከ ዘጠነኛ ክፍል የተማረውን ያህል ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። «ሻይ ጣጂና ወደዚህ ነይ» አላት፤ «አብረን እናያለን።»

«አብረን እናያለን» ማለቱ ለሚጢጢ አዲስ አይደለም። ፊልም አየሁ፣ ሰው አየሁ፣ ይላል። እሷም አትስቅበትም።

ወጥ ቤት ካለችው ጠረጴዛ ጥግ ተቀመጡ። ሚጢጢ መጽሐፉን ገለጠችና አነበበችለት፤ «ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል አስራ አራት።»

ጋሽ ሃሎ ትንሽ አሰበ። «ሦስቱን ከአስራ አራቱ ላይ አንሺ። አስራ አንድ። ለሁለት አካፍይ። አምስት ተኩል።»

ሚጢጢ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ አየች። «አራት ነው የሚለው።»

«በይ ደግመሽ አንብቢልኝ።»

አነበበች። ያው ነው። እንደገና አሰበ፤ መልሱ ያው አምስት ተኩል መጣ። ጋሽ ሃሎ በራሱ የሚተማመን ሰው ነውና፣ «መጽሐፉ ተሳስቷል፤ ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል፤ ነገ ለመምህርሽ ንገሪያት» አላት።

ሚጢጢም በማግስቱ እጇን አውጥታ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ አጎቷ መጽሐፉ ተሳስቷል እንዳለ ተናገረች። መምህርቷ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ኤክስና ሦስት በቅንፍ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ ከቅንፉ ውጭ ቆሞ ሁለቱንም ያባዛል። መልሱ አራት ነው። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት የገባችው በሩን ጓ አድርጋ ነው። «ቅንፍ አለው» አለችው።

«ምን አለው?»

«ቅንፍ። ኤክስ ሲደመር ሦስት ቅንፍ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅንፍ የሚነበብ አልመሰለኝም። ዝም ብሎ ጌጥ ነገር መስሎኝ።»

ጋሽ ሃሎ መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ አሳሰበው። ልጅቱ የምታየውን ሁሉ አላየችውም ማለት ነው። ዓይኗ ቅንፉ ላይ ያልፋል፣ ግን ቅንፉ ምንም አይላትም። ስለዚህ ደንብ አወጣ፤ ከእንግዲህ ገጹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ነጥብም ቢሆን፣ ጭረትም ቢሆን፣ በአፍ ይነገራል። «ቅንፍ ክፈት»፣ «ቅንፍ ዝጋ» ይባላል። «እኔ ዓይን የለኝም፤ አፍሽ ያልተናገረው ለእኔ አልተጻፈም» አላት።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የእሱ ነበር። አጭር አጭሩን ጥያቄ ጭንቅላቱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ትንሽ ረዘም ሲል ግን መጀመሪያው ከመጨረሻው ጋር ይምታታበታል። አንድ ቅዳሜ እህቱን ባዶ የክብሪት ቀፎዎች እንዳትጥል ለመናት። የሆስፒታሉ ክበብ ውስጥ የምትሠራዋ ሴት ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ በከረጢት ሞልታ ሰጠችው። «ቁማር ልትጀምር ነው?» አለችው። «አልጀብራ» ሲላት፣ «እሱም ያው ነው» አለችው።

ጠረጴዛው መሐል ማስመሪያ አጋደመ። ማስመሪያው እኩል ይሆናል ማለት ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። የክብሪት ቀፎዋ ኤክስ ናት፤ ውስጧ ስንት እንዳለ አይታወቅም፣ መክፈትም አይፈቀድም። ቆርኪዎቹ ቁጥር ናቸው። በግራ በኩል ሁለት ቀፎና ሦስት ቆርኪ፣ በቀኝ በኩል አስራ አንድ ቆርኪ ደረደረና፣

«በይ፣ ቀፎዋ ውስጥ ስንት አለ?» አላት።

ሚጢጢ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አየችው። «ሦስቱን ላንሳቸው?»

«አንሺያቸው። ግን ከአንድ ወገን ብቻ ካነሳሽ እኩልነቱ ይበላሻል።»

ከቀኙም ሦስት አነሳች። ስምንት ቆርኪ ቀረ። ሁለቱን ቀፎዎች ራቅ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችና ስምንቱን እኩል አከፋፈለችላቸው። «አራት አራት» አለች፤ ድምጿ ውስጥ የቆየ ነገር ሲፈታ ተሰማው።

«ኤክስን አገኘሻት ማለት ነው።»

«ይኸው ነው? ታዲያ ይኼ ማንን ያቅተዋል?»

ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ ሰመረ። ጋሽ ሃሎ ከሥራ ሲገባ ሻይ ይፈላል፣ ቆርኪው ይዘረገፋል። እህቱ ደክሟት ስትገባ ራት የሚቀርብበት ጠረጴዛ በክብሪት ቀፎ ተሞልቶ ታገኘዋለች። «እኔ የምበላበትን ኤክስ መቼ ነው የምታገኙልኝ?» ትላለች። እየሳቁ ያነሱላታል።

ከዚያ ነጌቲቭ ቁጥር መጣ።

ከዜሮ በታች ያለ ቆርኪ የለም። ጋሽ ሃሎ ለዚህም መላ አበጀ፤ ቆርኪው ለስላሳ ጀርባው ከላይ ሲሆን ፖዘቲቭ፣ ጥርሱ ወደ ላይ ሲሆን ነጌቲቭ። ለጣቱ በጣም ይመቸዋል፤ ለስላሳና ሻካራ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ ሁለቱም ከጠረጴዛው ይወርዳሉ። ለእሱ ሁሉ ነገር ግልጽ ነው። ሚጢጢ ግን ቅንፍ ፊት ነጌቲቭ ሲቆም ይጠፋባታል። አንዱን ምልክት ትለውጣለች፣ ሌላውን ትረሳለች። ሲያስረዳት «እሺ» ትላለች። ሲደግምላት «እሺ፣ እሺ ገባኝ» ትላለች።

ከዚያ በድንገት ገባት። ጋሽ ሃሎ እንዲያ ነው ያመነው። የምታነብለትን ጥያቄ ሁሉ ፉት ትለዋለች። ፈተና ተመለሰ ስትለው፣ «ስንት አመጣሽ?» ይላታል፤ «ጥሩ ነው፤ አንድ ብቻ ነው የሳትኩት» ትላለች። ጋሽ ሃሎ ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ለሚደውልለት ሁሉ የእህቱ ልጅ አልጀብራን እንዴት እንደያዘችው ይናገራል። የላብራቶሪው ኃላፊ ስለ ራሱ ልጅ አማክሮት፣ የቆርኪውን ነገር በስልክ አስረድቶታል።

እውነቱ የወጣው በእህቱ በኩል ነው። መምህርቷ ፋብሪካው ድረስ ደውላ፣ ልጅቱ በሂሳብ ወደኋላ እየቀረች ስለሆነ ወላጅ እንዲመጣ ጠየቀች። እህቱ የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ሚጢጢ፣ ምንድን ነው የምሰማው?» አለች።

ጋሽ ሃሎ ከሶፋው ላይ ሆኖ ጆሮውን አቀና።

«ሁለት ፈተና ወድቃለች፤ የቤት ሥራዋም ግማሹ ባዶ ነው፣ ነው ያለችኝ» አለች እህቱ፤ አሁን የምትናገረው ለእሱ ነው። «አንተ አብረሃት ስትሠራ አልነበር እንዴ?»

«ስሠራ ነበር እንጂ» አለ ጋሽ ሃሎ። ከዚያ ገባው። ከመጽሐፉ አልነበረም የምታነብለት። ራሷ የምትችለውን ጥያቄ እየፈጠረች፣ ገጽ እየገለጠች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ስታነብለት ከርማለች። ገጹ ሲገለጥ ድምፁን ይሰማ ነበር።

እናቷ ልትቆጣ ስትል፣ «ተያት» አላትና ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሰው ዋሽቶት አያውቅም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ታክሲ ረዳት ሌላ ፌርማታ ላይ አውርዶታል፤ አንዳንዱ ሻጭ የተበሳሳ ካልሲ ሸጦለታል። እነዚያን ሰድቦ ረስቷቸዋል። ይኼኛው ግን ሆዱ ገባ። በድንጋይና በቦይ መሐል እጁን ይዛ ያሳለፈችው ልጅ፣ «ደረጃ አለ» ስትለው መሬቱን በዘንጉ ሳያንኳኳ እግሩን የሚያነሳላት ልጅ ናት። በማግስቱና በሚቀጥለውም ቀን ከሥራ ሲገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ አልተቀመጠም። ሬዲዮውን ከፍቶ ዜና ያዳምጣል። ሚጢጢም ደጃፉ ላይ መጥታ ትቆምና ተመልሳ ትሄዳለች፤ የእግሯን ኮቴ ይሰማዋል፣ አይጠራትም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ሥራ ላይ ሳለች ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አናግረኝ።»

«ምን ልበልሽ? ያነበብሽልኝ ሁሉ ትክክል ነበር።»

ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ሃሎ ሬዲዮውን ዘጋው።

«ደስ ይልህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ትክክል ስመልስ ድምፅህ ይለወጣል። እኔ ደግሞ ነጌቲቩ አይገባኝም። ደጋግመህ ስትነግረኝ አይገባኝም። ለአንተ ወዲያው ይገባሃል፤ እኔ ደደብ የሆንኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ቀለል ያለ አነበብኩልህ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

ጋሽ ሃሎ ይኼን አልጠበቀም ነበር። ስንፍና ነው፣ ጨዋታ ነው ብሎ ነበር የጠረጠረው። ድምፁ እንደሚለወጥ አያውቅም። በድምፁ እንጀራ የሚበላ ሰው ሆኖ ድምፁ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነግራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ደደብ አይደለሽም» አላት። «ደደብ እንዲህ ያለ ተንኮል አያስብም።»

በለቅሶዋ መሐል ሳቅ አመለጣት።

«መዋሸትሽ ግን ሆዴን አስብሶታል። እሱን እወቂው።»

«አውቃለሁ።»

ሰኞ ዕለት ከሆስፒታሉ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሦስቱም አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። ወንበር አቀረበችላቸውና የልጅቱን ፈተናዎች አውጥታ፣ ለጋሽ ሃሎ ስትል፣ እያንዳንዱን እያነበበች አስረዳች። የምትስተው ሁሉንም አይደለም። መንገዱን ታውቀዋለች፤ ምልክቱ ላይ ነው የምትወድቀው፤ ወድቃ ደግሞ ወደኋላ አትመለከትም። መልስ አገኘሁ ብላ ብዕሯን ታስቀምጣለች።

«እርስዎ ቤት ውስጥ ስታነብልዎት አንድ ነገር ይጨምሩበት» አለች መምህርቷ። «ያገኘችውን መልስ መልሳ በኤክስ ቦታ ታስገባው። ግራና ቀኙ እኩል ከመጣ ትክክል ነው። ካልመጣ ማንም ሳይነግራት ራሷ ታውቃለች። ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፣ ግን ጊዜ ይወስዳል ብለው ልጆቹ ይዘሉታል።»

«መምህርት፣ ያ መጽሐፉ ተሳስቷል ያልኩት ነገር…» አለ ጋሽ ሃሎ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ።

«እሱን ይተዉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅንፍ የሚዘል ልጅ የለኝም።»

ከትምህርት ቤቱ ግቢ እንደወጡ ጋሽ ሃሎ ሚጢጢን አስቆማት። «ስሚኝ» አላት፤ «ከእንግዲህ እኔን ደስ ለማሰኘት አትድከሚ፤ እኔም ያልሽኝን ሁሉ አላምንም። ገብቷት ይሆን ወይ እያልኩም አላዳምጥሽም። መልሱን መልሰን እናስገባዋለን፤ እሱ ራሱ ይናገር። እሺ?»

«እሺ።»

ከመጀመሪያው ጀመሩ። እውነተኛ ጥያቄ ለመሆኑ ማረጋገጫ ይሁን ብሎ፣ ጋሽ ሃሎ በራሱ ወጪ ምስክር ቀጠረ፤ እህቱ ድንች እየላጠች ከሚጢጢ ትከሻ በላይ ወደ መጽሐፉ ታያለች። «ከመጽሐፉ ነው» ትላለች፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ትላለች። ወጪው አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው።

ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሚጢጢ መልስ ታገኛለች፣ ታስገባለች፣ አይገጥምም። ትበሳጫለች። ጋሽ ሃሎ ትክክል ነሽም ተሳስተሻልም አይልም፤ ድምፁ እንዳይለወጥ ይጠነቀቃል። «ገጠመ?» ብቻ ይላል። «አልገጠመም» ትላለች። «እንግዲያው አንድ ቦታ ምልክት ጠፍቷል፤ ከላይ ጀምረሽ ንገሪኝ።» ከላይ ጀምራ ትነግረዋለች፤ እየተናገረች ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ስህተቱን ሳያገኘው፣ እሷ ራሷ «እ… እዚህ ጋ» ትላለች። ቆርኪዎቹም እየዋሉ እያደሩ ከጠረጴዛው ቀሩ፤ አንድ ቀን እህቱ ጠርጋ አወጣቻቸው፣ ማንም አልጠየቃት።

መምህርቷ አንድ ቀን ሚጢጢን ወደ ሰሌዳ አወጣቻት። ጥያቄው አስር ሲቀነስ ሁለት፣ ቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሲቀነስ አንድ፣ እኩል ይሆናል አራት የሚል ነበር። ሚጢጢ ጠመኔውን ይዛ፣ ቤት ውስጥ እንደለመደችው፣ ጮክ ብላ መናገር ጀመረች። «አስር ሲቀነስ ሁለት፣ ቅንፍ ክፈት፣ ኤክስ ሲቀነስ አንድ፣ ቅንፍ ዝጋ…» ልጆቹ ተንከተከቱ። አንዱ ከኋላ «በር ዝጊ፣ ብርድ ገባ» አለ። እሷ አልሰማችውም። ሠርታ ሠርታ ኤክስ ሁለት ነው አለች። ልጅቱ ግን ጠመኔውን አላስቀመጠችም። ሁለትን አስገባች፤ «ሁለት ሲቀነስ አንድ፣ አንድ፤ በሁለት ሲባዛ ሁለት፤ አስር ሲቀነስ ሁለት፣ ስምንት። አራት መሆን ነበረበት። አልገጠመም።»

ወደ ላይ ተመለሰች። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች። «ሁለቱ ነጌቲቭ ነው፣ አንዱም ነጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ፖዘቲቭ ሁለት ነው የሚሆነው» አለችና በመዳፏ አጠፋችው። አስራ ሁለት ሲቀነስ ሁለት ኤክስ እኩል ይሆናል አራት። ኤክስ አራት። አስገባችው፤ ገጠመ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላስተዋለችም። መምህርቷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስትሳሳት ራሷ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ልጅ ናት፤ ሁላችሁም እንዲህ አድርጉ።»

ይኼን ሁሉ ሚጢጢ ማታ ራት ላይ አወራችው። ጋሽ ሃሎ ጉርሻውን ይዞ ቆየ። «ገጠመ ወይ?» አላት። «ገጠመ» አለችው። የያዘውን ጎረሰ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳብ ላይ ያመጣችው መካከለኛ ውጤት ነበር፤ የክፍሉ አንደኛም ሁለተኛም አልሆነችም። እናቷ ግን ፋብሪካው ድረስ ይዛው ሄዳ፣ ከጎኗ ለምትሰፋው ሴት አሳየቻት።

ክረምቱ ላይ ሚጢጢ ያመጣችው ሐሳብ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ለምን አትጨርስም?» አለችው። «ምኑን?» «ዘጠነኛ ክፍልን።» ሳቀባት። እህቱ ከወጥ ቤት፣ «እውነቷን ነው» አለች። ጋሽ ሃሎ ዕድሜውን ቆጠረ፣ ሥራውን ምክንያት አደረገ፣ የማታ ትምህርት ቤቱ ደረጃ የበዛበት ነው አለ። የሚጢጢ መልስ አጭር ነበር፤ «ደረጃ ሲኖር እነግርሃለሁ።»

ተመዘገበ። የመጀመሪያው ሴሚስተር አሰልቺ ነበር፤ የሚሰማውን ሁሉ በጣት በሚነበበው ብሬል መጻፍ ገና አልለመደም፤ አስተማሪዎቹም ሰሌዳ ላይ እየጻፉ «ይሄ እዚህ ጋ ይመጣል» ማለት ይወዳሉ። እሱም እጁን እያወጣ «ይሄ የትኛው ነው?» ይላል። መጀመሪያ ይሰለቹት ነበር፤ እያደር ግን አንድ ሁለቱ እሱ ሳይጠይቅ መናገር ጀመሩ። ሚጢጢ የሂሳብ መጽሐፉን ታነብለታለች። ባለፈው ዓመት የእሱን ትዕግሥት ስትፈትን የኖረች ልጅ፣ እሱ ሲዘገይባት፣ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ነግሬሃለሁ» ትላለች። «እኔ ስንት ጊዜ ነግሬሽ ነበር?» ይላታል።

አስረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ጠቅላላ ፈተናውን የወሰደው ለብቻው ክፍል ውስጥ፣ ከተመደበለት አንባቢ ጋር ነው። አንባቢው ልጅ እግር የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ቸኩሏል። የሂሳቡን አንደኛ ጥያቄ እንደ ዜና አነበበለት።

«ወንድሜ፣ ቅንፍ አለው?» አለ ጋሽ ሃሎ።

«አለው።»

«የት ይከፈታል፣ የት ይዘጋል?»

አንባቢው ወረቀቱን ቀረብ አድርጎ አየው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ቀስ ብሎ፣ ምልክት በምልክት አነበበለት። ሲጨርሱ ላብ በላብ የሆነው አንባቢው ነበር። «እኔ ስማር እንዲህ ያነበበልኝ ቢኖር» አለና አልጨረሰውም።

ሂሳቡን አለፈ። የወደቀው ጂኦግራፊ ነው። ካርታውን እንዲገልጽለት የተመደበው ሌላ ሰው፣ «እዚህ ጋ ወንዝ አለ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ተራራ» እያለ ነበር የሚያስረዳው። ነርሶቹ ሲሰሙ እየተራገጡ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ገብቶ ግን ለሁለት ቀን አኩርፏል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወሰደና አለፈ። ያን ቀን ከየክፍሉ የእንኳን ደስ ያለህ ስልክ ስለበዛበት፣ ከውጭ የሚደውል ሰው መስመር አጥቶ ሲጮህ ነበር ይባላል።

አሁን ሁለቱም አስራ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ እሷ የቀን፣ እሱ የማታ። እህቱ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት፣ «ሁለት፤ ትልቁ አስቸጋሪ ነው» ትላለች። ሚጢጢ ፊዚክስ ከሂሳብ ይብሳል እያለች ታማርራለች፤ ጋሽ ሃሎ ደግሞ ቀድማ ተምራ ትንገረኝ ብሎ ይጠብቃታል። ትናንት የራሷ ፈተና ስለነበረባት ልታነብለት አልቻለችም፤ እሱም መጽሐፉን ይዞ ሥራ ቦታው ሄደ። ስልኩ ጋብ ሲል የላብራቶሪው ኃላፊ መጥቶ ተቀመጠና ሁለት ገጽ አነበበለት። ሁለቱም ስለ ፍጥነት የሚያወራው ክፍል አልገባቸውም። ማታ ሚጢጢን እንጠይቃት ተባባሉ።